በጾም ወራት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ፍኖት በግዕዝ ቋንቋ መንገድ ማለት እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ፤ ፍኖተ መስቀል የመስቀል መንገድ ይባላል። የመጀመሪያው በምዕራብ ጎጃም የምትገኝ የአንዲት ከተማ ስም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታዮች በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ የጌታን ሕማም እያሰቡ በዑደት የሚፈጽሙት ጸሎት ነው። እነዚህን ሁለት ስሞች በአንድ ጉዞ፤ ያውም በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር እናገኛቸዋለን ብለን ከቤታችን አልተነሣንም ነበር።

ጉዞው የተደረገው በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን የሆሣዕናን በዓል ከእናቱ ጋር ለማክበር ወደ አገሩ ሲሄድ «እናንተም መጥታችሁ የአገሬን ጾም እዩ» ብሎ ለመነን፤ እኛም እሺ አልነውና ኀሙስ ሚያዝያ 10 ቀን ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፤ ዓባይን ተሻግረን፤ ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ የበረሃው ሙቀት አፋችንን አደረቀው። በጾም ቀን ዓባይን በረሃ መሻገር ራሱን የቻለ ስግደት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የታወቀ ስለ ሆነ አናረዝመውም፤ ደብረ ማርቆስን፤ ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ፀሐይ ሳትጠልቅ ፍኖተ ሰላም ገባን።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ወጄት ነበረ። የዛሬውን ስም ያወጡላት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት በተመለሱበት ዘመን ነው ይባላል። ዙሪያዋ የጃቢ ጠህናን አገር ሲሆን በላህና በብር ወንዞች የሚጠጣ ለም መሬት አለው። በቆሎው፤ ዳጉሳው፤ ጤፉ፤ ከሁሉም ይልቅ በርበሬው የታወቀ ነው። እኛ በደረስን ጊዜ ግን በርበሬው በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በየሱቁ በር ተደርድሮ ነበርና በዚያ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ሳያስነጥስ አያልፍም። ልኳንዳ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ቅቤ የሚሸጥበት ስፍራ ባዶውን ነው፤ በምትኩ የኑግ ዘይት፤ ተልባና ሽሮ የያዙ ሴቶች ከወትሮው ሁለት እጥፍ ሆነው ተቀምጠዋል። ያደርንበት ቤት ባለቤት ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር ከአንድ ሹፌር ጋር እስከ ሦስት ሰዓት ሌሊት ሲሟገቱ ሰማን፤ ማን እንደ ረታ ሳናውቅ እንቅልፍ ወሰደን።

በማግሥቱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዝን ማንኩሳ ደረስን። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩባት ማንኩሳ ይህች ናት። ባልደረባችን በዚህ በጣም ይኮራል፤ የቦጋለ መብራቱ ዘመድ ነኝ እንዳይለን ፈርተን ነበር። እኛ ግን በዚያ ሥፍራ ያሰብነው ሌላ ነገር ነው። በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በማንኩሳም በቡሬም ምሽግ ነበረው። አርበኞቻችንና በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ጦር ከበው ባስጨነቁት ጊዜ ጠላት ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በየካቲት ወር መጨረሻ ላይ ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ስለ ነበረ ወደ ኋላ ብንቈጥር ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን ነው። እንግዲህ ቡሬ ነጻ የወጣችው ጾሙ በያዘ በሁለተኛው ሳምንት፤ በቅድስት፤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡም ዕለቱ የኒቆዲሞስ እሑድ ነበረ። ይህን ሒሳብ በመኪና ውስጥ በጣታችን እየቈጠርን ስንሠራ ባልደረባችን «አያቴ ያን ጊዜ ለአርበኞች ስንቅ ያመላለሱት በቆሎ ቆሎ ነው ይሉ ነበር፤ ለካ ጾም ሆኖ ኖሯል» አለ።

የገጠሩ ቤት ከአውራው መንገድ ወጣ ብሎ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። የቀበሌውን ስም የማንጽፍበት ምክንያት ቀጥሎ በምንተርከው ነገር ማንም እንዳያፍር ብለን ነው። የባልደረባችን እናት፤ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ባልቴት፤ ነጠላቸውን አደግድገው ከግቢው በር ተቀበሉን። ሰዓቱ ገና ስድስት ስለ ነበረ የሚቀርብ ነገር አልነበረም፤ እግራችንን ታጥበን በመደብ ላይ ተቀመጥን። ዕለቱ ደግሞ ከሆሣዕና በፊት ያለው ዓርብ፤ የአርባው ቀን ጾም የሚፈጸምበት ነው።

ስለ ጾሙ ሥርዓት ጥቂት እንበል። የአገራችን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስምንቱ ሳምንታት ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። በእነዚህ ቀኖች በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ካህናቱ ጾመ ድጓውን የሚያዜሙት በመቋሚያ እየዘመሙ ነው። ቅዳሴውም በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ሕዝቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። በገጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በዚህ ወር ለበቆሎ የሚሆነውን መሬት ያርሳል፤ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር እስከ ቀትር ውሎ ያን ጊዜ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሰው ስናይ ከተማ ተቀምጠን በያይነቱ እያማረጥን የምንጾመው ጾም አሳፈረን።

በዚያ ቤት ግን አንዲት የማትጾም ሰው ነበረች። ይህችውም የባልደረባችን ታናሽ ወንድም ሚስት፤ በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት መምህርት የሆነች፤ ስድስት ወር ያለፋት ነፍሰ ጡር ናት። አማቷ ከጓዳ እንጀራ በሽሮ ይዘውላት መጡና «ብዪ ልጄ» አሏት። እንግዳ ባለበት ብቻዋን መብላት አፍራ «እምዬ፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ልታገሥ» ብትላቸው «አንቺ ታገሺ፤ በሆድሽ ያለው ግን ገና የነፍስ አባት የለውም፤ ማን ገዘተው?» ብለው አስቀመጡላት። ሁላችንም ሣቅን። እሷ ግን አልሣቀችም፤ ባሏም ቀና ብሎ አላየም። ለካ ያ ቀልድ በቤቱ ውስጥ ካለው ትልቅ ጭንቀት የወጣ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቲቱ ያደገችው አዲስ አበባ በካቶሊካውያን ቤተ ሰብ ነው። በአገራችን ያሉት ካቶሊካውያን ከፊሎቹ በላቲን ሥርዓት፤ ከፊሎቹ በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ፤ የእሷ ቤተ ሰብ የግዕዙን የሚከተል ነው። ጾሙንና ፋሲካውን የሚቈጥሩት በአገራችን አቈጣጠር ስለ ሆነ በዚህ በኩል ከባሏ ቤተ ሰብ ጋር አልተለያየችም። በ2007 ዓ.ም. ለባሕር ዳርና ለደሴ አንድ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ተቋቁሟል፤ ይሁን እንጂ ከቡሬ እስከ ባሕር ዳር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነውና ዓርብ ዓርብ ለጸሎት ደርሶ መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ወደዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ በጾም ወራት በጣም የናፈቃት ያ የዓርብ ዑደት ነበረ።

ዑደቱ እንዴት እንደሚፈጸም ለማያውቁ አንባቢዎቻችን እንናገር። በካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አሥራ አራት ሥዕሎች በዙሪያው ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው ጲላጦስ ሲፈርድ፤ የመጨረሻው ጌታ ሲቀበር ያሳያል። ካህኑ መስቀል ተሸክሞ፤ ሕዝቡ ተከትሎ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየሄዱ በእያንዳንዱ ፊት ይንበረከካሉ፤ ይጸልያሉ። ሦስት ጊዜ የወደቀባቸው፤ እናቱን ያገኘበት፤ ስምዖን የቀሬና ሰው መስቀሉን ያገዘበት፤ የኢየሩሳሌም ሴቶች ያለቀሱለት፤ እያንዳንዱ የራሱ ማረፊያ አለው። ይህን ጸሎት በዓለም ያስፋፉት በኢየሩሳሌም ቅዱሳት መካናትን የሚጠብቁት የፍራንቸስኮስ መነኮሳት ናቸው። የማረፊያዎቹም ቍጥር አሥራ አራት ሆኖ የተወሰነው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1731 ዓ.ም. በጳጳሱ በቀሌምንጦስ 12ኛ ዘመን ነው። በሌላው ዓለም ይህ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የአደባባይ በዓል ሆኗል። በእስጳንያ በሴቪሊያ ከተማ በሕማማት ሳምንት ማኅበረተኞች ፊታቸውን ሸፍነው ታላላቅ ምስሎችን አጅበው ሌሊቱን ሁሉ ሲዞሩ ያድራሉ፤ ከብዙ አገር ሰው ሊያየው ይሄዳል። የእኛዋ መምህርት ግን ሥዕልም፤ ካህንም፤ ማኅበርም አልነበራት።

ስለዚህ ከቤቱ ጓሮ እስከ ወንዙ ባለው የማሳ ዳር መንገድ ላይ አሥራ አራት ሥፍራ መረጠች። አንዱ ድንጋይ ነው፤ አንዱ ኩይሳ፤ አንዱ የሾላ ዛፍ፤ አንዱ የጎረቤት አጥር ጥግ። ዓርብ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ትወጣለች፤ በየሥፍራው ተንበርክካ ጸልያ ወንዙ ዳር ስትደርስ ትመለሳለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ባሏ ብቻ ያውቃል።

እረኞች አዩ። እረኛ ያየውን የማይሰማ የለምና በሁለተኛው ሳምንት «መምህርቷ ለዛፍ ትሰግዳለች» ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት «ለኩይሳውም ቡና ታፈሳለች» ተጨመረበት። እሳት ልትጭር በየማለዳው የምትመጣ ጎረቤት ወደ ሌላ ቤት ዞረች። ባልቴቲቱ ቡና ጠርተው የሚመጣ ሰው ጐደለ። ከልጆች ወላጆችም አንዱ ልጁን ከእሷ ክፍል ለማስወጣት ጠይቋል ሲባል መምህርቲቱ ሰማች። ይህ የተራ ሐሜት ነገር አይደለም። በዚያ አገር አዲስ ሙሽራ በጎረቤት ዓይን ከወደቀች ከባሏም ጋር መኖሯ ያጠራጥራል፤ ልጇም ገና ሳይወለድ ስም ይወጣለታል።

ሕዝቡ በክፋት ብቻ ይህን አደረገ ለማለት አንደፍርም። በጎጃም የካቶሊክ ነገር ሲነሣ የሚታወስ አሮጌ ጠባሳ አለ። ከእነዚህ ከተሞች በስተሰሜን በሰከላ የዓባይ ምንጭ፤ ግሽ ዓባይ፤ ይገኛል። ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን መነኩሴ በፈረንጅ 1618 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ ስኮትላንዳዊው ብሩስ መጥቶ ያየው ከዚያ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ነው። ፓኤዝ ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ ይባላል። የጎጃሙ ገዥ ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ሃይማኖቱን ተቀብሎ መነኮሳቱ በቆለላ መኖሪያ እንዲያበጁ ረዳቸው። ፓኤዝ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ ልለውጥ አለ። ሕዝቡን ያስቈጣው የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ወደ ጓዳው የገባ ነገር ነው። ከአባቶቹ ጀምሮ ረቡዕን ሲጾም የኖረውን ሰው ቅዳሜን ጹም፤ የበዓላቱንም ቀን ለውጥ አሉት። በኋላ ንጉሡ የረቡዕ ጾም እንዲመለስ አስፈቀዱ፤ ነገሩ ግን አልፎ ነበር። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 በፈረንጅ ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አሳውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ሃይማኖቴን አልለውጥም ብሎ ሥልጣኑን አጥቶ ተጋዘ። በእኛ አስተያየት የሰው ቤት ገብቶ የረቡዕን ምጣድ ማዘዝ የመጽሐፍ ክርክር ከማንሣት ይልቅ የሚያስቈጣ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር መምህርት በማሳ ዳር ስትንበረከክ ያ ሁሉ ፍርሃት ተመልሶ የመጣው ስለዚህ ይመስለናል።

ነገሩን ያበረዱት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ናቸው። እማሆይ ቀድሞ ኢየሩሳሌም ተሳልመው የመጡ ናቸው። ባልቴቲቱ ጭንቀታቸውን ሊያዋዩዋቸው ሄደው «የምራቴ ነገር እንዲህ ሆነብኝ» ቢሏቸው እማሆይ «ስንት ጊዜ ትቆማለች?» ብለው ጠየቁ። «አሥራ አራት ነው አሉ»። «ዓርብ ነው? በዘጠኝ ሰዓት?» «አዎን፤ በዘጠኝ ሰዓት»። እማሆይ መቍጠሪያቸውን ይዘው ዝም አሉና «ይህንስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በኢየሩሳሌም ቡናማ ቀሚስ የለበሱ፤ በወገባቸው ገመድ የታጠቁ መነኮሳት ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት በገበያው መካከል መስቀል ይዘው ይወጣሉ። በየቦታው ይቆማሉ። ዘጠነኛው መቆሚያቸው ከእኛ ከዴር ሡልጣን በር አጠገብ ነው። በደጃችን ሲንበረከኩ ስንት ዓርብ አይቻለሁ» አሉ።

ይህ እውነት ነው። በኢየሩሳሌም ፍኖተ መስቀል በሚባለው ጎዳና ላይ ዘጠነኛው ማረፊያ፤ ጌታ ሦስተኛ ጊዜ የወደቀበት የሚታሰብበት፤ የሚገኘው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወዳለው ወደ ኢትዮጵያውያን ገዳም በሚያስገባው በር አጠገብ ነው። ከዓለም ሁሉ የሚመጡ ካቶሊካውያን የአባቶቻችንን ጎጆዎች ሳያዩ አያልፉም።

ባልቴቲቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምራታቸው ስትወጣ በሩ ላይ ቆመው መመልከት ጀመሩ። እኛ በደረስንበት ዓርብ ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ዛሬ የአርባው መፈጸሚያ ነው፤ ቅዳሴውም በእግሬ ምክንያት አመለጠኝ፤ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ» አሏት። ልጃቸው ደነገጠ። መምህርቲቱም የምትመልሰው ጠፍቷት ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። እኛም ከሩቅ ለመከተል ፈቃድ ጠይቀን ተከተልን።

የታረሰው መሬት ገና ዝናብ ስላላገኘ ጓሉ እንደ ድንጋይ ነው። ፊተኛዋ እሷ፤ ከኋላ እሳቸው በትራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በመጀመሪያው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሥፍራ እሷ ስትንበረከክ እሳቸው ቆመው ጠበቋት። በአራተኛው፤ በሾላው ሥር፤ «ይህስ ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ። «እናቱን ያገኘበት ነው እምዬ» አለቻቸው። «ለእሷስ እሰግዳለሁ» ብለው በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ተንበረከኩ። ለመነሣት ጊዜ ምራታቸው በአንድ እጇ ሆዷን፤ በሌላው እጇ የእሳቸውን ክንድ ይዛ አነሣቻቸው። ሌሎቹን ደግሞ እንደ ፊተኞቹ ቆመው አሳለፉ። ዘጠነኛው ሥፍራ መሬቱ ከፍ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በባሕር ዛፉ መካከል የሚታይበት ነው። እዚያ ሲደርሱ ባልቴቲቱ ማንንም ሳይጠይቁ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰው አማተቡ። እረኞቹ ከብቱን ትተው ያያሉ፤ እኛም ዛሬ ማታ በመንደሩ የሚወራውን ለመስማት ጓጓን። ስንመለስ የተቀዳው ጠላ አልነበረም፤ ጾም ነውና፤ ግን ያቺ እሳት መጫር የተወች ጎረቤት በጓሮ በኩል መጥታ «የእትዬ እግር እንደምን ነው?» ብላ ጠየቀች። ስለ ዑደቱ ምንም አልተናገረችም።

ቅዳሜን በዘንባባ ሥራ አሳለፍነው። የዘንባባ ዝንጣፊ ከወንዙ ሸለቆ በአህያ ተጭኖ መጣና ልጆቹ በየደጁ ተቀምጠው ቀለበትና መስቀል፤ በግንባር የሚታሰር ጌጥ ጎነጎኑ። የእኛ ጣቶች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ እንዳልሆኑ ልጆቹ በግልጥ ነገሩን።

እሑድ ሚያዝያ 13 ቀን ሆሣዕና ነው። ሌሊት በአሥር ሰዓት በኩራዝ ብርሃን ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። ይህ በዓል ከጥንት ጀምሮ የዑደት በዓል ነው። ኤጄርያ የተባለች ሴት ተሳላሚ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌም ሄዳ ስትጽፍ ሕዝቡ ከደብረ ዘይት ተራራ የዘንባባና የወይራ ቅርንጫፍ ይዞ፤ ሕፃናት በወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው፤ ወደ ከተማይቱ በዝማሬ ሲወርዱ ማየቷን ተናግራለች። በዳሞት ገጠር ያየነው ከዚያ ብዙ አልራቀም። ካህናቱ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሲዞሩ በአራቱ ማዕዘን እየቆሙ ከአራቱ ወንጌላት ያነብባሉ፤ ሕዝቡ ዘንባባውን ከፍ አድርጎ ይከተላል። የበራው ጧፍ፤ የነጠላው ንጣት፤ የደረቀው ሣር በእግር ሲረገጥ የሚሰጠው ሽታ፤ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ከዓይናችን አልጠፋም። በዚያ ሕዝብ መካከል የአርባ ቀን ጾም በፊቱ ያልታየበት ሰው አልነበረም፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ጉንጩ ጎድጕዷል፤ ድምፁ ግን ከወትሮው የጠነከረ ነው።

መምህርቲቱ መጥታ ነበር። ከቅጥሩ በር ውጭ፤ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች የሚያርፉበት ጥግ፤ ከዋርካው ሥር ቆማ ነበር። ወደ ውስጥ እንድትገባ ማንም አልጠራትም፤ ማንም ደግሞ ሂጂ አላላትም። ዑደቱ በስተምሥራቅ በኩል ሲመጣ አንድ ዲያቆን የተባረከውን ዘንባባ ለሰው ሲያድል እስከ በሩ ደረሰ። የሚሰጠው ለተዘረጋ እጅ ሁሉ ነበርና ለእሷም ሰጣት። ባልቴቲቱ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው ዘንባባውን ከእጇ ተቀበሉና ቀደዱት፤ አንዱን በግንባሯ ላይ አሰሩላት፤ ሁለተኛውን አጥፈው በመቀነታቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ከቅዳሴ በኋላ ከቄሱ ጋር ለመነጋገር ዕድል አገኘን። ስለ መምህርቲቱ ብንጠይቃቸው ቆፍጠን ብለው «ቁርባንና ክርስትና በሥርዓት ነው፤ ሥርዓታችን ከሥርዓታቸው ይለያል፤ ይህን አልደብቃትም። በመንገድ ላይ ቆሞ የጌታን ሕማም ማሰብን ግን የሚከለክል መጽሐፍ አላነበብሁም» አሉን። ከዚህ በላይ አልጨመሩም፤ እኛም በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን የሊቃውንት ነገር ለሊቃውንቱ እንተዋለን።

ወደ ቤት ተመልሰን ገና ሳንቀመጥ የመምህርቲቱ ስልክ ጮኸ። ኢጣልያ የምትኖር እኅቷ ናት። «እንኳን ለትንሣኤው በዓል አደረሰሽ!» ትላለች፤ በዚያ ዓመት የምዕራባውያን ፋሲካ የዋለው በእኛ ሆሣዕና ዕለት ነበርና። መምህርቲቱ እየሣቀች «እኛ ገና ሕማማት ልንገባ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠብቂን» አለቻት። ባልቴቲቱ ይህን ሰምተው በጣም ተገረሙ። «እኅትሽ በልታለች ማለት ነው?» አሉ። «በልታለች እምዬ»። «ያንቺ ሃይማኖት አይደለችም?» «ነች፤ ግን እዚህ ያለነው ካቶሊኮች ከእናንተ ጋር ነው የምንፈታው»። አማቷ ይህን ለማሰላሰል ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ ለልጃቸው «ሰማህ? ከእኛ ጋር ነው የምትፈታው» አሉት፤ እሱ የማያውቀውን ነገር የሚነግሩት ይመስል ነበር።

የሚወለደው ልጅ ክርስትና ግን ገና አልተቈረጠም። በአገሩ ሥርዓት ወንድ በአርባ፤ ሴት በሰማንያ ቀን ይጠመቃል። መምህርቲቱ እናቷን አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ሳታማክር ቃል አልሰጥም ብላለች። ባሏ ከሁለቱም ወገን እንዳይሆንበት ፈርቶ ነገሩ በተነሣ ቍጥር በሬዎቹን ሊያጠጣ ይወጣል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳጠጣቸው ቈጥረን ተውነው። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ማታ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፤ «ልጁ አያቱም እናቱም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፤ የትም ቢጠመቅ ወደዚሁ ቤት ነው የሚመለሰው» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ባልቴቲቱ እሳቱን ቆሰቆሱ።

ሰኞ ማለዳ ወደ ቡሬ ለመሄድ ተነሣን። የሕማማት ሳምንት ገብቷልና እንደ ሥርዓቱ ማንም ማንንም አልሳመም፤ በእጅም ተጨባብጠን አልተሰነባበትንም፤ ራሳችንን ብቻ ዝቅ አድርገን ወጣን። ለጸሎተ ኀሙስ ጉልባን የሚሆነው ባቄላ በሰፌድ ላይ ተለቅሞ በደጁ ተቀምጦ ነበር። ከበሩ ስንወጣ ቀና ብለን ብናይ ባልቴቲቱ በመቀነታቸው ያስቀመጡት ዘንባባ መስቀል ሆኖ ከደጁ መቃን በላይ ተሰክቷል። ከአጠገቡ ያለፈው ዓመት የደረቀ ዘንባባ አለ። ባልደረባችን «እናቴ በየዓመቱ አንድ ነበር የምትሰካው» አለንና መንገዳችንን ቀጠልን። አዲሶቹን ብንቈጥር ሁለት ናቸው፤ አንዱ ገና አረንጓዴ የሆነ በጣም ትንሽ ነው።